ወጥ ቤቱን ከማፍረስዎ በፊት ምጣዱን ያስቀምጡ

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ ነን። ወጥ ቤቱ 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ90 ነው፤ ስንረከበው እንደነበረ ነው ያለው ማለት ይቻላል። ምጣድ ስሰካ ብሬከሩ ይወድቃል። ውኃ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቢመጣ ነው። ትንሽ ብር አጠራቅመን ልናድሰው አስበናል። ሠራተኛው በ10 ቀን እጨርሳለሁ ብሏል። ከሳሎን የሚለየውን ግድግዳ አፍርሰን ክፍት ኪችን ብናደርገውስ? ቤቱ ውስጥ እየኖርን ማሠራት ይቻላል? ከምን እንጀምር? ደግሞ ካቢኔው ነጭ ይሁን ግራጫ ተከራክረን አልተስማማንም።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዋናው ነገር መሃል ላይ ሸሸግ ብሎ ተቀምጧል፤ «ምጣድ ስሰካ ብሬከሩ ይወድቃል» ያሉት። ወደ ግድግዳውም፣ ወደ 10 ቀኑም፣ ወደ ቀለሙም እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ምጣዱ።

ፊኒሺንግ ሥራ ላይ 17 ዓመት ቆይቻለሁ። ወጥ ቤት ሊያሳድስ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያሳየኝ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ነው። ካቢኔው ያብረቀርቃል፣ መሃል ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ሎሚ በሳህን ተደርድሯል። ያምራል፣ አልክድም። ግን እዚያ ፎቶ ላይ ያለው ቤት ውስጥ እንጀራ አይጋገርም። ሽንኩርት አንድ ሰዓት ሙሉ አይቁላላም። ጀሪካንም የለም። እኛ ቤት ሦስቱም አሉ። ስለዚህ ደንበኛ ቤት ስገባ ስለ ካቢኔ አልጠይቅም። «እንጀራ የሚጋግረው ማነው? በሳምንት ስንት ቀን? ቆሞ ነው ተቀምጦ?» እላለሁ። ባሎች አብዛኛውን ጊዜ መልሱን አያውቁትም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ በብዛት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት ነው እንበል። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ ሁለቱም ሲበሩ 3,000 ዋት ከሆነ፣ ሌላ ወደ 14 አምፒር ነው። የሻወር ቦይለሩ 1,500 ዋት ከሆነ 7 ይጨምሩ። ድምሩ 37 ደረሰ። የቤቱ ዋና ብሬከር ባለ 32 አምፒር ከሆነ ቢወድቅ ምን ይገርማል? ሥራውን እየሠራ ነው።

ምድጃውና ቦይለሩ ጠፍተው ምጣዱ ሲሰካም የሚወድቅ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። አንደኛው፣ የወጥ ቤቱ ሶኬቶች በሙሉ በአንድ ባለ 16 አምፒር ብሬከር ላይ ተጠምደው ይሆናል፤ ፍሪጁም እዚያው ላይ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ምጣዱ ራሱ አርጅቶ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ተነክቶ ይሆናል። የራሱ ምጣድ ብሬከር የማይጥልበት ጎረቤት ወስደው ይሞክሩት። እዚያም ከጣለ ጥፋቱ የምጣዱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። «ብሬከሩን በትልቅ እንቀይረውና እንገላገል» የሚል ኤሌክትሪሻን ከመጣ ሻይ አጠጥተው ይሸኙት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ትልቅ ከሆነ የሚግለው ሽቦው ነው፤ እሱ ደግሞ ልስን ውስጥ ስለተቀበረ ሽታው እስኪመጣ ድረስ አያዩትም። ምጣድ ዲቫይደር ላይ መሰካትም ያው ነው። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ አይተው ያውቁ ይሆናል።

መፍትሔው ለምጣዱ የራሱን መስመር መዘርጋት ነው። ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ፣ ሌላ ምንም ያልተንጠለጠለበት፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 20 ወይም 25 አምፒር ብሬከር፣ ከኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ከሚወስደው ሽቦ) ጋር። ኧርዙን «እዚህ ሕንፃ ላይ የለም» ብለው ቢዘሉት አይቀበሉ፤ ያስፈትሹ። እርጥብ እጅ፣ እርጥብ ወለልና 3,500 ዋት አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት። ለምድጃውም ሌላ መስመር፣ ለፍሪጁም ሌላ። ይህንን ሁሉ ግን ዛሬ፣ ግድግዳው ሳይለሰንና ሴራሚኩ ሳይለጠፍ ነው ማሠራት። ከተለጠፈ በኋላ «ረስተን ነበር» ማለት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ዋናው ብሬከርና የቆጣሪው አቅም ካልበቃ ደግሞ አቅም ለማሳደግ ለመብራት ኃይል ማመልከት ይኖርብዎታል፤ እሱንም ቀድመው ያስጀምሩት። እስከዚያ ቀላሉ ዘዴ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቦይለሩን ማጥፋት ነው።

ምጣዱ የት ይቀመጥ? መስኮት ሥር። የሚወጣው እንፋሎት የዋዛ አይደለም። አክንባሎውን ባነሱ ቁጥር ሽቅብ ይሄዳል። ከላዩ ካቢኔ ካለ የካቢኔው ሆድ በዓመቱ ያብጣል፣ ጠርዙ ይላቀቃል። ስለዚህ ከምጣዱ በላይ ምንም አይሰቀል። መስኮቱ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቬንትሌተር ቢገጠም እሰየው።

ስፋቱንም ልብ ይበሉ። ካቢኔ ሠሪዎች የሚያውቁት የጠረጴዛ ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የምጣዱ አፍ ብቻውን ወደ 60 ይጠጋል፤ ከነጠርዙ ያልፋል። 60 ላይ ያስቀመጠ ሰው ምጣዱ ወደ ፊት ተንጠልጥሎበት ሲቸገር ያገኙታል። የራስዎን ምጣድ በሜትር ይለኩና በግራና በቀኝ፣ በኋላም 5 ሳንቲም ይጨምሩ። ብዙ ጊዜ 75 ላይ ይደርሳል። ከፍታውም እንደ ሌላው ጠረጴዛ መሆን የለበትም። ለመክተፍና ለማጠብ ከክርን 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ከፍታ ይመቻል፤ ለብዙ ሴቶቻችን 85 ማለት ነው። ምጣድ ላይ ግን ሊጡ ከላይ ሆኖ ዙሪያውን ነው የሚዞረው። ገጹ 75 አካባቢ ላይ ቢውል ትከሻ አይደክምም። እናትዎም የሚጋግሩ ከሆነ እሳቸውን አቁመው ይለኩ። አጠገቡ ለሊጡ ባልዲና ለሰፌዱ ማረፊያ ቦታ ይተዉ። ይህቺን ሁሉም ይረሳታል፤ በኋላ ሰፌዱ ፍሪጅ ላይ ይወጣል።

ወጥ ቤትዎ 1 ሜትር ከ90 ስለሚሰፋ ካቢኔ በሁለቱም ጎን እንዳያስገቡ። 60 እና 60 ሲወጣ መሃል የሚቀረው 70 ሳንቲም ነው። አንድ ሰው ድስት ይዞ፣ ሌላው ሲያልፍ፣ በዚያ ላይ ልጅ ሲገባ ይታይዎት። ኤል ቅርጽ ይሥሩት፤ በረጅሙ ግድግዳ ሲንኩና ምድጃው፣ በመስኮቱ በኩል ምጣዱ። በሲንኩና በምድጃው መካከል ቢያንስ 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ባዶ የመክተፊያ ቦታ ይኑር። ፍሪጁ ሳሎን በር አጠገብ ቢወጣ ምንም አይደለም። እንግዳ ምን ይለኛል ካሉ፣ እንግዳውም ቤት እዚያው ነው ያለው።

አሁን ግድግዳው። እኔ ብሆን አላፈርሰውም። ምክንያቴ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሽታ ነው። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲገባበት፣ ቅቤ ሲነጠር ሽታው መጋረጃና ሶፋ ውስጥ ይገባል፤ ሳምንት አይለቅም። ክፍት ኪችን ያሠሩ ሦስት ደንበኞቼ ቆይተው መስታወት አስገጥመዋል። ብርሃኑን ነው የፈለጉት ከሆነ ከመጀመሪያው ተንሸራታች የመስታወት በር ያድርጉበት፤ ወይም ሳህን የሚያቀብል ትንሽ መስኮት ይክፈቱ።

ሁለተኛው ሕንፃው የእርስዎ ብቻ አለመሆኑ ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች ክብደት የሚሸከሙት በብዛት ኮለንና ቢም፣ ማለትም ቋሚና አግዳሚ የኮንክሪት ምሰሶዎቹ ናቸው፤ በመሃል ያለው ብሎኬት መለያ ነው። «በብዛት» ማለት ግን የእርስዎም ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ብሎኬቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አንዳንዴም የላይኛው ቤት ቧንቧ ያልፋል። ስለ ጋራ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ ንብረትን ለይቶ ነው ያስቀመጠው። ኮለኑ፣ የውጭ ግድግዳውና የጋራ መስመሮቹ የእርስዎ ብቻ አይደሉም። ግድግዳ መንካት ከፈለጉ መሐንዲስ ይየው፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ይወቅ፣ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይውጣ። «ማን ያየናል» ብሎ ቢም የቦረቦረ ሠራተኛ አይቻለሁ። ቱቦ ለማሳለፍ ብሎ ፌሮውን፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ቆርጦት ነበር።

ወደ ውኃው እንምጣ። ውኃ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚመጣ ከሆነ ወጥ ቤቱ ለቀሪዎቹ ቀናት ነው መሠራት ያለበት። ቧንቧው ጌጥ የሚሆንባቸው ቀናት ይበዛሉ።

አንዳንዱ ሰው በረንዳ ላይ ሮቶ ያስቀምጣል። 1,000 ሊትር ውኃ 1 ቶን ነው፤ የሮቶው ወርድ ደግሞ ከአንድ ካሬ ብዙም አይበልጥም። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት ታስቦ ነው። አምስት እጥፍ ጫኑበት ማለት ነው። በረንዳ ደግሞ ተንጠልጥሎ የወጣ ነገር ነው። አያድርጉት። ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ቦታ ካለ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረው እዚያ ያስቀምጡ። ካልሆነ ቤት ውስጥ ከ100 እስከ 150 ሊትር የምትይዝ አነስ ያለች ታንከር፣ ግድግዳ ተጠግታ፣ ትንሽ ፓምፕ ገጥመውላት ይበቃል።

ከሲንኩ አጠገብ ደግሞ አንድ የካቢኔ ክፍል በር ሳይኖረው ክፍት ይተዉ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጎኑም ሴራሚክ። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቆምበታል። ካቢኔ ሠሪው «ዲዛይኑን ያበላሸዋል» ይልዎታል። ጀሪካኑ መተላለፊያ ላይ ተኮልኩሎ ሲታይ ዲዛይኑ ያምራል እንዴ? መጋረጃ ነገር ጣል ቢያደርጉበት አይታይም።

ሲንኩ ባለ ሁለት ጉድጓድ ይሁን። ውኃ በሌለበት ቀን አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ ማለቅለቂያ ነው።

ቫልቩን በተመለከተ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። የመጀመሪያውን የቤቴን ወጥ ቤት ሳሳድስ ዋናውን መዝጊያ ቫልቭ ከካቢኔ ጀርባ ቀበርኩት። ባለሙያ ነኝ ባይ ነኝ እኮ! አንድ ቀን ውኃ ጠፍቶ ሳለ ልጄ ቧንቧውን ከፍታ ረሳችው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውኃው መጣ። ሲንኩ ውስጥ የቀረ ሳህን መውረጃውን ደፍኖት ነበር። ስንነሳ ሳሎኑ ረጥቧል። የሲንኩ ቧንቧ እጀታውም በዚያው ተበላሽቶ አልዘጋ አለ፤ ቫልቩን ለማግኘት አዲሱን ካቢኔ በመጋዝ ቀድጄዋለሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴን ኮርኒስ አሠርቼ፣ ቀለም አስቀብቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ ጨረስኩ። ባለቤቴ አሁንም እንግዳ ሲመጣ ታወራዋለች። እና ቫልቩ እጅ የሚደርስበት፣ ልጅም የምታውቀው ቦታ ይሁን። ከመተኛትዎ በፊት መዝጋትም ይለምዱ።

የቧንቧ ሥራው እንዳለቀ፣ ሳይለሰን፣ ውኃ ሞልተው ግፊት ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ያቆዩት። ውኃው የማይመጣበት ቀን ከሆነ ሠራተኛው «ችግር የለም» ብሎ ሊለስነው ይፈልጋል። ይጠብቁ። ከዚያም ግድግዳው ክፍት ሳለ ሜትር ዘርግተው ሁሉንም ፎቶ ያንሱ፤ ቧንቧው ከወለል ስንት፣ ከጥግ ስንት እንደሆነ ይታይ። ከሁለት ዓመት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ ሲበሱ ይመርቁኛል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ ገበያው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሦስት ነገር ብቻ። ቺፕውድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ጣውላ) ውኃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ሲንክ ሥር አይግባ። ለዚያች ክፍል እርጥበት የሚቋቋመውን ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የተጨመቀ ጣውላ) ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲቆረጥ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ከተቻለም ሲንክ ሥር ያለውን በሴራሚክ አስገንብተው በር ብቻ ይግጠሙለት። ካቢኔው መሬት ላይ አይቀመጥ፤ 10 ሳንቲም በሚያህል የፕላስቲክ እግር ይነሳ፣ ወለል ሲታጠብ ውኃው እንዳይደርሰው።

ለጠረጴዛው እምነበረድ ሳይሆን ግራናይት ይምረጡ። የቤኒሻንጉል እምነበረድ ቆንጆ ነው፤ ለደረጃና ለወለል እኔም እወደዋለሁ። ግን ሎሚና ቲማቲም ገጹን ይበላሉ፣ እርድም ይነክረዋል። ግራናይቱ ደግሞ ክብደት አለው። 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው በካሬ ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ሊፍት የለም፣ 3ኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ይታጠፋል። 2 ሜትር ከ40 አንድ ወጥ ይሁን ካሉ ሲንኩ በተቆረጠበት በኩል ደረጃ ላይ ይሰበራል። ከማዘዝዎ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ ያስለኩ፤ መጋጠሚያው ሲንኩ አጠገብ ሳይሆን ጥጉ ላይ ይሁን። ሴራሚክም ሲገዙ ከሚያስፈልገው 10 በመቶ ጨምረው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አይተው ይግዙ። የተለያየ ከሆነ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ቀለም ግድግዳ ላይ ሁለት ይሆናል።

እንግዲህ 10 ቀን። ሠራተኛዎ ዋሽቷል አልልም። እሱ የሚያስበው እጁ የሚሠራበትን ቀን ነው፤ ሲሚንቶው የሚደርቅበትን አልቆጠረም። የእኔ ቆጠራ እንዲህ ነው። ማፍረስና ፍርስራሽ ማውረድ 3 ቀን። ግድግዳ መቦርቦር፣ ሽቦና ቧንቧ መዘርጋት 5 ቀን። ልስንና ማድረቅ 10 ቀን፤ ልስኑ መጀመሪያ ላይ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ማቻኮል ስንጥቅ ነው። ሴራሚክ 5 ቀን። ኮርኒስና ቀለም 4። ካቢኔ መግጠም 4። ግራናይቱ የሚለካው ካቢኔው ቆሞ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ተቆርጦ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ይበሉ። ሲንክ፣ መብራትና ጥቃቅኑ 3 ቀን። ደመሩት? 41 ቀን። ስድስት ሳምንት፣ ሁሉም ሰው በቀጠሮው ከመጣ። ካቢኔ ሠሪው ሴራሚክ ሳይለጠፍ ልለካ ካለ እንዳይስማሙ። ልስንና ሴራሚክ ከየጎኑ 2 ወይም 3 ሳንቲም ይወስዳሉ፤ ካቢኔው መጥቶ አይገባም።

መቼ ይጀመር? ሐምሌና ነሐሴ አይሁን፤ ልስኑም ቀለሙም አይደርቅም፣ ሲሚንቶውም ደረጃ ላይ እርጥበት ይስባል። እኔ የምወደው ጊዜ ኅዳር ነው። ጿሚ ቤተሰብ ከሆናችሁ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ገና ታኅሣሥ 29 ነው። 44 ቀን ማለት ነው፤ ከ41ዱ ጋር ያስተያዩት። በጾም ወራት ቤት ውስጥ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው፤ በአንድ ምድጃ ይዘለቃል። ግን ካቢኔውን ጥቅምት ላይ ማዘዝ አለብዎት። በዓል ሲቃረብ ሁሉም ሰው ካቢኔ ትዝ ይለዋል። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ረመዳንን አይንኩት፤ ለአፍጥር ወጥ ቤት የሌለው ቤት ሊታሰብ አይችልም።

ቤቱ ውስጥ እየኖሩ ማሠራት ይቻላል። ደንበኞቼ አብዛኞቹ እንደዚያ ነው ያደረጉት። ግን ሠራተኛው መዶሻ ከማንሳቱ በፊት ሌላ ወጥ ቤት ይክፈቱ። ከመጀመሪያው ቀን ሦስት ቀን ቀድመው ያቋቁሙትና ይኑሩበት፤ ምን እንደጎደለ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከበረንዳው በር አጠገብ የሳሎኑን አንድ ጥግ ይያዙ። አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ። የቀረው ሁሉ በካርቶን ታሽጎ አልጋ ሥር ይግባ። ሳህን ሲበዛ የሚታጠበውም ይበዛል፤ ማጠቢያው ደግሞ ከአሁን በኋላ ሻወር ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ሳፋዎች ናቸው። የምግብ ፍርፋሪ በወንፊት ይያዝ፤ የሻወሩ መውረጃ ለወጥ ቤት አልተሠራም። ቡታጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲሊንደሩ መኝታ ቤት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይገባ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። አየር የሚያገኝበት ቦታ ይቁም።

እንጀራውስ? ኮንዶሚኒየም ሳይቶች ላይ ለጋራ ማብሰያ ተብለው የተሠሩ ኮሙናል ቤቶች አሉ። አንዳንዱ ለሌላ አገልግሎት ውሏል፤ የእናንተው የሚሠራ ከሆነ ምጣዱን ለስድስት ሳምንት እዚያ ያውርዱት። ካልሆነ ሳሎን ውስጥ ለመጋገር እንዳይሞክሩ፤ እንፋሎቱና ያ የተጨናነቀ ሶኬት አንድ ላይ አይሆኑም። ወይ ጎረቤት በሚጋግርበት ቀን ሊጥ ይዘው ይሂዱ፣ ወይ እንጀራ ይግዙ። ወጪውንም እንደ እድሳቱ ወጪ አድርገው ከወዲሁ ይመዝግቡት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ቁሌት በብዛት ሠርተው፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆነውን በየዕቃው እየከፋፈሉ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። ከሥራ ሲገቡ አቧራ መሃል ሽንኩርት መክተፍ አይጠበቅብዎትም፤ ሽሮና ውኃ ጨምሮ ማንተክተክ ነው። ድርቆሽም ያዘጋጁ። መብራት ቢጠፋ ደግሞ የፍሪዘሩን በር አይክፈቱት።

እናትዎን ያስቡ። ቡናቸውን የት ነው የሚያፈሉት? ቀልድ እንዳይመስልዎ። እኔ ያየሁት የእድሳት ጠብ ግማሹ የሚጀምረው አያት ቡና ማፍያ ቦታ ሲያጡ ነው። በረንዳው ላይ ረከቦታቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ሠራተኛ የማይነካው ይሁን፤ የሲሚንቶ ከረጢት እዚያ እንዳይደረደር። በር ስለተዘጋ ብለው ግን ከሰል ወደ መኝታ ቤት እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

አቧራውን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም። የወጥ ቤቱን በር በወፍራም ፕላስቲክ ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ያሽጉት፤ መሃሉን ሰንጥቀው ሁለተኛ ፕላስቲክ እንደ መጋረጃ ይጣሉበት። ግድግዳ ሲቦረቦር ውኃ ይርጩበት። የመኝታ ቤት በሮች ሥር እርጥብ ጨርቅ ያድርጉ። እናትዎ ወይም ከልጆቹ አንዱ አስም ካለባቸው ማፍረሻው ሦስት ቀን ዘመድ ቤት ይክረሙ። ፍርስራሹ በማዳበሪያ ታስሮ በደረጃ ይውረድ፤ ከበረንዳ እንዳይወረውሩት። ጎረቤቶችን በቀጥታ ሄደው ያናግሩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይንገሯቸው። እሑድ ጠዋት መዶሻ አይሰማ።

ብሩን በተመለከተ፣ ከያዙት ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለይተው ለሌለ ነገር እንደተቀመጠ ይቁጠሩት። አሮጌ ሴራሚክ ሲነሳ ከሥሩ የሚገኘውን ማንም አያውቅም። የእጅ ዋጋ ሲነጋገሩ ፍርስራሽ የሚያወርደው ማን እንደሆነ፣ ቧንቧ ቢሰበር የሚከፍለው ማን እንደሆነ በወረቀት ይጻፉ። ካቢኔ ሠሪዎች በብዛት ግማሹን ቀብድ ይጠይቃሉ። ይስጡ፤ ግን የመጨረሻው 10 በመቶ በሮቹ ሁሉ ተስተካክለው፣ መሳቢያዎቹ ተከፍተው ተዘግተው እስኪያዩ ድረስ እጅዎ ላይ ይቆይ። አንድ ደንበኛዬ ሙሉውን ቀድማ ከፍላ የአንድ መሳቢያ እጀታ ለማስገጠም አራት ወር ስልክ ስትደውል ነበር።

የቀረው ቀለሙ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ላይኛው ካቢኔ ነጭ ይሁን፤ ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ብርሃን ይጨምራል። ታችኛው ግራጫ፤ የልጆች እግርና የባልዲ ጠርዝ የሚመታው እሱ ነው። ምድጃው አጠገብ ያለው በር ግን ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ይሁን፣ ማት (የማያብረቀርቅ) አይሁን። በርበሬ የነካውን ማት ነጭ እኔም እስካሁን ማስለቀቅ አልቻልኩም።